ተራኪዋ አትሰፋም

ሦስት እኅትማማች በአንድ የስፌት ዕቃ ዙሪያ ከተቀመጡ ሁለቱ ይሰፋሉ፤ አንደኛዋ ትተርካለች። ተራኪዋ ብዙ ጊዜ ታላቋ ናት። ወስፌ አትይዝም ማለት አይደለም፤ ትይዛለች። ነገር ግን ወስፌው በእጇ የሚውለው ለመጠቆሚያ ነው። በትረካው ሄሮድስ ሲመጣ ወደ በሩ፣ መልአኩ ሲመጣ ወደ ጣሪያው ይጠቁማል። ማታ እናት ሥራውን ስታይ የታናናሾቹ ሌማት በጥቂቱም ቢሆን ሰፍቷል፤ የታላቋ እዚያው ነው። ወገቤን አመመኝ የምትለው ግን እሷ ናት።

ልማዱ በብዙ ቤት አለ፤ የሚለያየው የእጅ ሥራው ነው። ስንደዶና አክርማ ባለበት ስፌት፣ ጥጥ ባለበት ፈትል፣ በዓል ሲቃረብ ጧፍ፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ዳንቴል ይሆናል። ወንዶቹ ልጆች ዝናብ ካባራ በኋላ ጭቃ ላይ ናቸው። በሁሉም ዘንድ እጅ ተይዟል፤ ጆሮ ግን ባዶ ነው። የወንድማማችና የእኅትማማች ባዶ ጆሮ ደግሞ ቶሎ በጠብ ይሞላል፦ አለላዬን ወሰደች፣ ባዘቶዬን ረገጠ፣ ክርኗ ነካኝ። እናት ታላቋን ከሥራ የምትምራት ይህን ስለምታውቅ ነው። አንድ ሌማት ቢጎድል ይሻላል፣ ቤቱ ሰላም ይደር።

የሚተረከው ብዙ ዓይነት ነው፤ በክርስቲያን ቤት ግን የጌታ የልጅነት ታሪክ የተለየ ቦታ አለው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ባለታሪኩ ልጅ ነው። የአብርሃም ድንኳን ወይም የሰሎሞን ፍርድ ለትልቅ ሰው የሚመች ነገር ነው። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ውኃ ዳር ሲጫወት ምን እንዳደረገ ለመስማት ግን አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

ችግሩ ወንጌላውያኑ በዚህ በኩል ቁጥብ መሆናቸው ነው። ማርቆስ ከዮርዳኖስ ይጀምራል። ዮሐንስ ከቃል። ማቴዎስ ልደቱን፣ የሰብአ ሰገልን መምጣትና የግብፅን ስደት ይነግረንና ናዝሬት ላይ ያቆማል። ሉቃስ ግርግሙን፣ እረኞቹንና ቤተ መቅደሱን ይጨምራል፤ በ12 ዓመቱ አንድ ጊዜ ያሳየንና ወደ 30 ዓመቱ ይሻገራል። በመካከሉ ያለውን ማን ይንገረን? ይህን የጠየቁት የዛሬ ታናናሾች ብቻ አይደሉም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ክርስቲያኖችም ጠይቀዋል፤ ጠይቀውም ዝም አላሉም፣ ጻፉ።

ከእነዚህ ጽሑፎች ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ የተጻፈው በወንድም ስም ነው። የእመቤታችንን መወለድ፣ ማደግና የጌታን ልደት የሚተርከው ይህ መጽሐፍ ጸሐፊው ያዕቆብ ነው ይላል፤ የጌታ ወንድም የተባለው ያዕቆብ። በመጽሐፉ አነጋገር ዮሴፍ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆች ያሉት ሽማግሌ ነበር፤ ያዕቆብም ከዚያ ቤት የመጣ ታላቅ ነው። ሊቃውንት መጽሐፉን ያዕቆብ ራሱ እንዳልጻፈው ያምናሉ። ሆኖም የጻፈው ሰው ስም ሲመርጥ የታላቅ ወንድምን ስም መምረጡ ልብ ይሏል። ቤት ውስጥ የሆነውን ለታናሽ የሚናገረው ታላቅ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ታላቅ ደግሞ ያላየውንም እንዳየ አድርጎ መናገር ይችልበታል።

ይኸው መጽሐፍ የእጅ ሥራ መጽሐፍም ነው። ለቤተ መቅደሱ መጋረጃ የሚሆነውን ክር ለመፍተል በደናግል መካከል ዕጣ ተጣለ፤ ለማርያም ሐምራዊውና ቀዩ ደረሳት። መልአኩ ያበሠራትም በፈትል ላይ እያለች ነው። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህ ወርቅና ሐር አስማምታ ስትፈትል ተብሎ ይነገራል፤ ሠዓሊዎችም በብሥራቱ ሥዕል ላይ እንዝርትና ክር ያስይዟታል። እንዝርት ይዞ እንዝርት ስለያዘች ድንግል መስማት ለፈታይ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ታላቋ እዚህ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ታናሿ እንዝርቷን ታቆማለች። ክሩ ይበጠሳል።

በወር በወር በ21ኛው ቀን፣ የእመቤታችንን በዓል በሚያከብር ቤት፣ ፈትል አይነካም። ይህን ቀን ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ተራኪዋ ናት፤ ከእኅቶቿ ጋር በሥራ የማትወዳደርበት ቀን ነውና።

ከብሥራትና ከልደት ቀጥሎ ስደቱ ይመጣል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው፤ የስደቱ መታሰቢያ ሆነው በማሕሌት ይከበራሉ፤ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ይሆናል። ወቅቱ ክረምቱ የወጣበት፣ ሜዳው ያበበበት ስለሆነ ልጆች ስደቱን ሁልጊዜ በአበባ መካከል የተደረገ ጉዞ አድርገው ያስቡታል። በረሃው አይታያቸውም። ተራኪዋም አታርማቸውም፤ አበባ ለታሪክ ይመቻል።

በስደቱ ላይ ልጆች የሚወዱት ገጸ ባሕርይ ወንበዴው ነው። በትውፊቱ ሁለት ወንበዴዎች መንገድ ላይ ይጠብቋቸዋል፤ ስማቸው ጥጦስና ዳክርስ ነው። ጥጦስ ይራራል፣ ዳክርስ ይጨክናል፤ ኋላም በቀራንዮ በቀኝና በግራ የተሰቀሉት እነሱ ናቸው። ተረኛው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ ከእኛ ውስጥ ጥጦስ ማን ነው? ታላቋ ዳኛ ሆና ትቀመጣለች። ያን ቀን ቡና ያቀራረበችላት ጥጦስ ትባላለች፤ ያላቀራረበችው ዳክርስ ሆና ትውላለች። ይህ ፍርድ ይግባኝ የለውም።

ከግብፅ ከተመለሱ በኋላ ያለው ክፍል ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ ጭቃው እዚህ አለ።

የቶማስ የልጅነት ወንጌል ተብሎ በሚታወቀው ጥንታዊ ጽሑፍ መሠረት፣ ሕፃኑ ኢየሱስ በአምስት ዓመቱ ከዝናብ በኋላ ወራጅ ውኃ ዳር ሲጫወት ውኃውን በትንንሽ ጉድጓዶች አጠራቀመ፤ ለስላሳ ጭቃ አድቦልቡሎም 12 ድንቢጦች ሠራ። ቀኑ ሰንበት ነበር። ያየ ሰው ሮጦ ለዮሴፍ ነገረ። ዮሴፍ መጥቶ በሰንበት የማይገባውን ለምን ትሠራለህ ብሎ ተቆጣ። ሕፃኑ እጁን አጨበጨበና ወፎቹን ሂዱ አላቸው፤ እየጮሁ በረሩ።

የጭቃ በሬ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ይህ አጭር ተአምር ነው። ለሠራ ልጅ ግን የሙያ ጉዳይ ነው። የጭቃ በሬ ቀንዱ ይሰበራል፣ እግሩ ከሆዱ ይለያያል፣ ፀሐይ ላይ ሲውል ይሰነጠቃል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ተብሎ የተተረተው ለሊጥ ቢሆንም ለጭቃም ይሠራል። እንግዲህ አንድ ልጅ ያቦካው ጭቃ ክንፍ አውጥቶ ሄደ ሲባል፣ ሰሚዎቹ አንገታቸውን አቀርቅረው የየራሳቸውን በሬ ይመለከታሉ። ከመካከላቸው ማጨብጨብ የማይሞክር የለም። በሬው ሲቀር ጥፋቱ የጭቃው ነው፤ ወይም ቀኑ ሰንበት ስላልሆነ ነው።

የሰንበቱ ነገር በኢትዮጵያ ቀላል አይደለም። የቀዳሚት ሰንበት ትከበር ወይስ አትከበር በሚለው ጉዳይ የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርትና ተቃዋሚዎቻቸው ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል፤ ነገሩ የተቋጨው በ1450 እ.ኤ.አ. በዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ቅዳሜም እሑድም ይከበሩ ተብሎ ነው። እንዲህ ባለ አገር ልጅ በሰንበት ጭቃ አቦካ የሚል ታሪክ መተረክ ድፍረት ይጠይቃል። ታላቋ መፍትሔ አላት። ሰንበቱን ትዘለዋለች። ታናሽ ወንድሟ ከሌላ ሰው ሰምቶ ሰንበት እኮ ነበር ያለ እንደሆነ፣ እሱ ጌታ ነው፣ አንተ ማን ነህ ብላ ጭቃውን ታስጥለዋለች።

ወፎቹ ከክርስቲያን ቤት ውጭም ይበራሉ። በቅዱስ ቁርኣን በአል ዒምራንና በአል ማኢዳ ምዕራፎች ዒሳ በአላህ ፈቃድ የጭቃ ወፍ ሕይወት እንዲያገኝ ማድረጉ ተጠቅሷል። ስለዚህ እንደ ወሎ ባለ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ አጥር በሚኖርበት አገር፣ ጭቃ ላይ የተቀመጡ የጎረቤት ልጆች በዚህ ታሪክ ላይ ሳይጣሉ ሊስማሙ ይችላሉ። የሚጣሉት በጭቃው ነው።

የቶማስ የልጅነት ወንጌል ዕድሜ በቅርቡ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አግኝቷል። በጀርመን አገር በሃምቡርግ ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት ማንም ልብ ያላለው አንድ የፓፒረስ ቁራጭ ነበር። ጽሕፈቱ ያልተስተካከለ፣ መስመሩ የተንጋደደ ስለነበር የግል ደብዳቤ ወይም የገበያ ዝርዝር ይመስል ነበር። ሁለት ተመራማሪዎች አንብበውት በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ እንደሆነው፣ የወፎቹ ታሪክ ነው፤ ከ4ኛው እስከ 5ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የተጻፈና እስካሁን ከታወቁት የዚህ መጽሐፍ የግሪክኛ ቅጂዎች ሁሉ የቀደመ። ተመራማሪዎቹ ከእጅ ጽሑፉ መጥፎነት ተነሥተው የጽሕፈት ተማሪ መልመጃ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ከ1,500 ዓመት በላይ ቆይቶ የተገኘው የወፎቹ ታሪክ፣ እንግዲህ፣ የጎበዝ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። የአለማማጅ የእጅ ሥራ ነው።

ከወፎቹ በኋላ ግን መጽሐፉ ይከፋል። ሐና የተባለው የሕግ ጸሐፊ ልጅ የአኻያ ቅርንጫፍ ይዞ የተጠራቀመውን ውኃ በተነው፤ ልጁ ተረግሞ ደረቀ። ሌላ ልጅ ሮጦ ሲያልፍ የኢየሱስን ትከሻ ገፋ፤ ወድቆ ሞተ። የሟቾቹ ወላጆች ወደ ዮሴፍ ሄደው ልጅህን መባረክ አስተምረው ወይም ይዘኸው ከመንደር ውጣ አሉ። ዮሴፍ ጆሮውን ይዞ ጎተተው። በመጨረሻ የተረገሙት ሁሉ እንደሚድኑ መጽሐፉ ይናገራል፤ ሆኖም እስከዚያ ድረስ የሚተረከው ልጅ የትኛዋም እናት ከልጇ ጋር እንዲጫወት የምትፈቅድለት አይደለም።

ታላቅ እኅትና ታላቅ ወንድም የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እትዬ ወፎቹን አብርራ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ጋሼ ግን የትከሻውን ልጅ ሳይተርክ አይውልም። ከተረከም በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል በምሶሶው በኩል ሲያልፍ ማንም አይነካውም፤ ዳቦ ሲቆረስም ትልቁ ቁራሽ ያለ ክርክር ይደርሰዋል። ታሪኩን የጻፈው ሰው ምን አስቦ እንደጻፈው ብዙ ተብሏል። በዕድሜ ታላቅ የሆነ ሰው ጽፎት ይሆናል የሚለውን ግምት ግን ሊቃውንቱ አላነሡትም።

መምህሩም ተራ ይደርሰዋል። ፊደል ሊያስቆጥረው የወሰደው መምህር አልፋ በል ሲለው፣ ሕፃኑ አንተ አስቀድመህ የአልፋን ምንነት ንገረኝ፣ እኔም የቤታን እነግርሃለሁ አለው። ይህችን ታሪክ የሊዮኑ ጳጳስ ሄሬኔዎስ በ180 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያውቃት ነበር፤ መናፍቃን የሚያወሯት ነገር ናት ብሎ ነቅፏታል። በኢትዮጵያ ቤት አልፋ ሀ ይሆናል፤ ታሪኩም ከትምህርት ቤት በተመለሱ ልጆች ዘንድ ትልቅ ደስታ ይፈጥራል። በማግሥቱ መምህራቸው ዘንድ የሞከሩት ግን ውጤቱን ለማንም አይናገሩም።

ከቤተ ክርስቲያን አባቶች የተቃወመ ሄሬኔዎስ ብቻ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በዮሐንስ ወንጌል ላይ በሰጠው ስብከት፣ የቃና ዘገሊላው ተአምር የመጀመሪያ ከተባለ በልጅነቱ አደረጋቸው የሚባሉት እውነት ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ተከራክሯል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የላቲን ዝርዝርም የአዳኙን ሕፃንነት የሚተርከውን መጽሐፍ ተቀባይነት ከሌላቸው ጋር ቆጥሮታል። ታሪኮቹ ግን በሌላ በር እየገቡ ኖረዋል። በምዕራብ በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር በጡብ ላይ ተሥለው ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያሉ፤ የጭቃው ታሪክ በተተኮሰ ጭቃ ላይ። በኢትዮጵያ ደግሞ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሰው በተአምረ ኢየሱስ ውስጥ ተቀምጠዋል።

በየቤቱ አንድ አፈወርቅ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ልጅ ነው። የቃና ሰርግ የመጀመሪያው ከሆነ ወፎቹ ስንተኛ ናቸው ብሎ ይጠይቃል። ታላቋ ክርህን ጠቅልል ትለዋለች። ልጁ ይጠቀልላል፤ ጥያቄውም አብሮ ይጠቀለላል።

ለእጅ ሠሪዎች ከሁሉ የሚመቸው ግን በዐረብኛው የልጅነት ወንጌል ያለው የቀለም ነካሪው ታሪክ ነው። ሳሌም የሚባል ቀለም ነካሪ ሱቅ ውስጥ እያንዳንዱ በየራሱ ቀለም ሊነከር የተቀመጠ ልብስ ነበር። ሕፃኑ ገብቶ ሁሉንም በአንድ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ከተተው። ነካሪው ጮኸ፤ ስሜን አጠፋህ፣ የከተማው ሰው ምን ይለኛል አለ። ሕፃኑ ልብሶቹን አንድ በአንድ ሲያወጣቸው እያንዳንዱ ነካሪው በፈለገው ቀለም ወጣ። አለላ የምትነክር ልጅ ይህን ስትሰማ የሳሌምን ጩኸት ያለ ማብራሪያ ትረዳለች። ቀዩና አረንጓዴው በአንድ ድስት ከገቡ የሚወጣው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ እናት በዚያ ቀን ምን እንደምትልም ታውቃለች። ታናሽ ወንድም ድስቱን ገልብጦ ጌታም አድርጎታል ብሎ የተከራከረባቸው ቤቶች አሉ። ክርክሩ ተቀባይነት ያገኘበት ቤት ግን አልተሰማም።

ይኸው መጽሐፍ ስለ ዮሴፍ አንድ ደፋር ነገር ይናገራል፤ በአናጢነቱ ያን ያህል ብልሃተኛ አልነበረም ይላል። ሣንቃው ሲያጥር ሕፃኑ ይስበዋል፣ ሲረዝም ያሳጥረዋል። ለኢየሩሳሌም ንጉሥ ዙፋን ሲሠራ ሁለት ዓመት ቆየ፤ አልቆ ሲለካ በሁለቱም ጎን አጠረ። ዮሴፍ ራቱን ሳይበላ ተኛ። ሕፃኑ አንዱን ጫፍ አንተ ያዝ፣ ሌላውን እኔ ልያዝ አለው፤ ጎትተው አስተካከሉት። ሌማቱ ለጠበበበት፣ መሶቡ ከክዳኑ ለተራራቀበት ሰው ከዚህ የሚበልጥ ማጽናኛ የለም። ታላቋ ይህንን ታሪክ ሳትሳሳት ነው የምትነግረው፤ ከሰፋችው ጥቂት ነገር ውስጥ የሚበዛው አጥሮ የቀረ ነውና።

ለወንድማማች ደግሞ የያዕቆብ እጅ አለ። ያዕቆብ እንጨት ሊለቅም ሄዶ ኢየሱስም አብሮት ነበር። ጭራሮ ሲለቅም እፉኝት እጁን ነደፈው። ሊሞት ሲቃረብ ሕፃኑ ቀርቦ በንክሻው ላይ እፍ አለበት፤ ዳነ፣ እፉኝቷም ሞተች። ታሪኩ አጭር ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ታናናሾች ደግመው ያስነግሩታል፤ በዚህኛው ታላቁን የሚያድነው ታናሹ ነው። ታላቆች በበኩላቸው አይቸኩሉበትም።

በውጭ አገር ይህ ሁሉ መልኩን ይቀይራል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ በአንዳንድ አጥቢያ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ወረቀት ቆርጠው፣ ሙጫ ቀብተው ወፍ ይሠራሉ፤ ጭቃው ተቀባብቶ በሱቅ የሚሸጥ ለስላሳ መጫወቻ ሆኗል። ታላቋ አገር ቤት ተወልዳ ከመጣች በአማርኛ ትተርካለች፤ እዚያ የተወለደው ታናሽ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ወፎቹን በሁለቱም ቋንቋ ይወዳቸዋል። የወንበዴዎቹን ሥራ ሲሰማ ግን ፖሊስ ለምን አልተጠራም ይላል።

ልጅነቱ በቤተ መቅደስ ያበቃል። ወላጆቹ የአንድ ቀን መንገድ ከሄዱ በኋላ አጡት፤ ከሦስት ቀን በኋላም በሊቃውንት መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ አገኙት። ልጆቹ ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ሦስት ቀን ሙሉ ከቤት መጥፋት እንደሚቻል ነው። ታላቋ ስለዚህ ሉቃስ ቀጥሎ የጻፈውን፣ ከእነርሱ ጋር ወደ ናዝሬት ወርዶ ይታዘዝላቸው እንደነበር፣ ሁለት ጊዜ ትደግመዋለች።

እነዚህን ታሪኮች በቤቱ ለማስጀመር ያሰበ ሰው በጥጥ ቢጀምር ይሻለዋል። ጭቃ ምንጣፍ ያበላሻል፤ ቀለም ከእጅ እስኪለቅ ቀናት ይፈጃል፤ የትከሻውን ልጅ ታሪክ ደግሞ ዳቦው ለሁሉም ከተቆረሰ በኋላ ማስተረክ ያዋጣል።